የበረሓ ንባብና ትርጓሜ፤ ስለ ዊልፍሬድ ቴሲጀር «የዐረብ አሸዋ»

የጕዞ መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው ሁለት ዕዳ አለበት። አንደኛው ለአንባቢው ነው፤ ይኸውም ያየውን እንዳየ፥ ያላየውንም እንዳላየ አድርጎ መናገር ነው። ሁለተኛው መንገድ ለመሩት፥ እህልና ውሃ ላካፈሉት ሰዎች ነው፤ ይኸውም ስማቸውንና ክብራቸውን ከራሱ ስም በታች አለመቅበር ነው። ብዙዎች ተጓዦች የመጀመሪያውን ዕዳ ይከፍሉና ሁለተኛውን ይረሱታል፤ በመጽሐፋቸውም ውስጥ መንገድ መሪው ስም እንደሌለው የጭነት ከብት ብቅ ብሎ ይጠፋል። እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ቴሲጀር በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1959 ያሳተመው «የዐረብ አሸዋ» የተባለው መጽሐፍ ከብዙዎቹ ተለይቶ የሚመሰገነው ይህን ሁለተኛውን ዕዳ አስቦ በመጻፉ ነው። የሚነቀፍበትም ዋና ነገር፥ ዕዳውን ከከፈለ በኋላ አበዳሪዎቹ በድህነታቸው ጸንተው እንዲኖሩለት መመኘቱ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመቶች ሁሉ በዚያው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ደራሲው ለኢትዮጵያ ባዕድ አይደለም። አባቱ በአዲስ አበባ የእንግሊዝ መንግሥት ሚኒስትር ሆኖ ሲኖር በ1910 በዚያው በሌጋሲዮኑ ግቢ ተወለደ። በ1916 ከሰገሌ ጦርነት በኋላ ድል ያደረገው ሠራዊት በጃንሜዳ ሲሰለፍ በሕፃንነቱ ተመለከተ፤ ያም ትርኢት እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ከልቡ አልጠፋም። በ1930 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በጫኑበት በዓል ተጋብዞ መጣ፤ በ1933ና በ1934 የአዋሽን ወንዝ ተከትሎ እስከ አውሳ ዘለቀ፤ በ1941ም ጣልያንን ለማስወጣት በተደረገው ዘመቻ በጎጃም ተሰልፎ ተዋጋ። ስለዚህ መጽሐፉ ስለ ዐረብ ምድር የተጻፈ ሲሆን ትረካውን የሚጀምረው ከኢትዮጵያ ነው። አስተዋይ አንባቢ ይህን አጀማመር እንደ ትርፍ ነገር ቈጥሮ ሊያልፈው አይገባም፤ ደራሲው በበረሓ ሲፈልገው የኖረው ዓለም በሕፃንነቱ በአዲስ አበባ አይቶ በእንግሊዝ አገር ትምህርት ቤት ያጣው ዓለም መሆኑ ከዚህ ይታወቃልና።

የተጓዘበት ምድር ሩብዕ አል ኻሊ፥ ማለት «ባዶው ሩብ» ይባላል። ስፋቱ 650,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ በሳዑዲ ዐረቢያ፥ በዖማን፥ በተባበሩት የዐረብ ኤምሬቶችና በየመን መካከል ተዘርግቶ ይገኛል። በውስጡ የሚመላለሱት ዘላኖች ግን ባዶ አይሉትም፤ «አሸዋው» ብለው ብቻ ይጠሩታል። ከቴሲጀር አስቀድሞ ሁለት እንግሊዛውያን ተሻግረውታል፤ እነርሱም በ1930ና በ1931 በርትራም ቶማስ፥ በ1932ም ፊልቢ ናቸው። እሱ ወደዚያ የሄደው በ1945 አንበጣ የሚራባበትን ቦታ ፈልግ ተብሎ በመቀጠሩ ነው፤ ነገር ግን የአንበጣው ሥራ የበሩ ቁልፍ እንጂ የልቡ ጉዳይ እንዳልነበረ ራሱ አልሸሸገም። በ1946 ከሳላላ ሲነሣ ብዙ ሰዎች ተከትለውት ነበር። ወደ ጥልቁ አሸዋ ለመግባት የደፈሩት ግን አራት ብቻ ሆኑ፤ እነርሱም የራሺድ ነገድ የሆኑት ሙሐመድ አል ዐውፍና ሳሊም ቢን ካቢና፥ የበይት ከሲር ነገድ የሆኑት ሙሰሊም ቢን ጠፍልና መብኹት ናቸው። አምስተኛው ደራሲው ነው። ቢን ካቢና በዚያን ጊዜ ዕድሜው 16 ዓመት ያህል ነበር፤ መጽሐፉም የተበረከተው ለእሱና በኋላ ከጕዞው ለተጨመረው ለሳሊም ቢን ጋባይሻ ነው።

በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት ገጾች ሁሉ ንባብና ትርጓሜ ለለመደ ሰው እጅግ ደስ የሚያሰኘው ስለ ዱካ የሚናገረው ክፍል ነው። ተጓዦቹ ነፋስ ያደበዘዘው ዱካ ያገኛሉ፤ ደራሲው የግመል ይሁን የሌላ እንስሳ ለይቶ ማወቅ እንኳ ይሳነዋል። ጺሙ የሸበተ አንድ ሰው ጥቂት ተከትሎት ይሄድና ከግመሉ ወርዶ ጠንካራውን መሬት ይመለከታል፤ ፋንድያውንም በጣቱ ይፈረፍራል። ከዚያ በኋላ ተመልሶ ያለፉት ሰዎች ከየትኛው ነገድ እንደ ሆኑ፥ ስንት እንደ ነበሩ፥ ማንን ዘርፈው ስንት ግመል እንደ ወሰዱ፥ በየት ውሃ እንደ ጠጡ፥ ካለፉም ስንት ቀን እንደ ሆናቸው ይናገራል። ደራሲውም እያንዳንዱን ነገር በምን እንዳወቀው ያብራራል። በአሸዋ ያደገ ግመል መርገጫው ለስላሳ ስለ ሆነ፥ በጠጠር ሜዳ ያደገው ደግሞ የተወለወለ ስለ ሆነ በዱካው ይለያል፤ ፋንድያው የበላውን ሣር፥ ሣሩም የበቀለበትን አገር ይመሰክራል። ይህ ሰው በወረቀት ላይ የተጻፈ ፊደል አይቈጥር ይሆናል። ሆኖም ዱካው ንባብ፥ ፋንድያው ምስክር፥ የነገዶቹ ጠብና ዕርቅ ደግሞ ታሪክ ሆኖለት ንባቡን ከምስጢሩ አገናኝቶ ተርጕሟል። ደራሲው በዚህ ስፍራ ራሱን ከደቀ መዝሙር ወንበር አስቀምጦ መምህሩን ማስናገሩ የመጽሐፉ ታላቅ ክብር ነው። የሌሎች ተጓዦች መጽሐፍ ፊደል የማያውቀውን ሰው መሃይም ሲለው፥ ይህ መጽሐፍ ግን መሃይምነት በየአገሩ ልዩ ልዩ እንደ ሆነና በበረሓ መሃይሙ ደራሲው ራሱ እንደ ነበረ በግልጥ ያስረዳል።

ስለ እንግዳ አቀባበልም የተጻፈው እንደዚሁ ነው። ሥጋ ከቀመሱ ብዙ ቀን የሆናቸው ተጓዦች አንዲት ጥንቸል ይዘው ይቀቅላሉ፤ መረቁ ሲሸታቸውም የሚጠብቁበት ትዕግሥት ያልቅባቸዋል። ገና ሊበሉ ሲሉ ሦስት መንገደኞች ይመጣሉ። ባልንጀሮቹ ጥንቸሏንና እንጀራውን በእንግዶቹ ፊት ያኖራሉ፤ እንግዶቹ ኑ አብረን እንብላ ቢሏቸውም እኛ ጠግበናል፥ ይህ የተዘጋጀው ለእናንተ ነው እያሉ ይምላሉ። ደራሲውም በአፉ ከነሱ ጋር እየተባበረ በልቡ ግን ሰው ለመግደል እስኪደርስ ድረስ እንደ ተቈጣ ይናዘዛል። ይህ ኑዛዜ ባይጨመርበት ኖሮ ታሪኩ ተራ ውዳሴ ይሆን ነበር። በሌላ ስፍራም ቡትቶ ለብሶ የሚንከራተት አንድ ሽማግሌ ይገናኛቸዋል፤ ቀድሞ ባለጠጋ እንደ ነበረና ግመሎቹን ለእንግዶቹ እያረደ እንደ ደኸየ ይነገራል። ደራሲው በቢን ካቢና ቃል ውስጥ የሰማው ሐዘኔታ ሳይሆን ቅናት ነው። እነዚህ ሁለት ታሪኮች ሰምና ወርቅ እንዳለው ቅኔ ናቸው፤ ሰሙ ረኃብ ነው፥ ወርቁ ግን ሰው ምንም ሳይኖረው ጌታ ሊሆን መቻሉ ነው።

አጻጻፉ ቀላልና ደረቅ ነው። ደራሲው በጌጠኛ ቃል አይመካም፤ የውሃውን አቍማዳ ብዛት፥ የዱቄቱን መጠን፥ የግመሎቹን ድካም አንድ በአንድ ይቈጥራል። በሁለተኛው መሻገሪያ ከመንዋኽ ጕድጓድ ከተነሡ በኋላ እስከሚቀጥለው ውሃ ድረስ 16 ቀን ተጕዘዋል። ይህን የሚተርከው ጩኸት ሳያበዛ ስለ ሆነ አንባቢው ራሱ ይጠማል። ከዚያም በሱለይል የንጉሥ ኢብን ሳዑድ ሹሞች ያለ ፈቃድ ገባህ ብለው ባሰሩት ጊዜ፥ በፊልቢ ምልጃ እስኪፈታ ድረስ፥ በራሱ ላይ ከደረሰው ይልቅ ባልንጀሮቹን አደጋ ላይ መጣሉ ሲከነክነው ይታያል።

ከአሸዋው ወጥቶ ወደ ተራራውና ወደ ባሕሩ ዳር ሲደርስ ትረካው ፍጥነት ያገኛል፥ ጥልቀት ግን ያጣል። በ1948 አቡ ዳቢ የገባባት ከተማ በባሕር ዳር ያለች ትንሽ ሰፈር ነበረች፤ በቡረይሚም ሼክ ዛይድን አግኝቶ አብሯቸው በጭልፊት አደን ወጥቷል። እኒህም ሼክ በ1971 የተባበሩት የዐረብ ኤምሬቶች የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ወደ ዖማኑ ጀበል አኽዳር፥ ማለት «አረንጓዴው ተራራ» ለመውጣት ፈልጎ የነዝዋው ኢማም ስለ ከለከሉት ሳይወጣ ቀርቶ በ1950 ከዚያ አገር ተሰናበተ። የሰዎቹም ስም በዚህ ክፍል እየበዛ ስለሚሄድ አንባቢውን ያደናግራል። ሴቶች በመጽሐፉ ሁሉ ያላቸው ስፍራ እጅግ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ የተመሰገነው የዘላኖች ቤት በግማሹ ብቻ የታየ ቤት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ነቀፋ ግን በመጽሐፉ አሳብ ላይ የሚነሣው ነው። በመጀመሪያው መሻገሪያ ስንቃቸው ባለቀ ጊዜ ጥቂቶቹ ምግብ ሊገዙ ወደ ሊዋ ሄዱ፤ ደራሲው ከቀሩት ጋር ሦስት ቀን ተርቦ ተኝቶ ጠበቃቸው። በዚያም ሳለ መኪና መጥቶ ቢያወጣው ብሎ ካሰበ በኋላ፥ በመኪና ከመዳን በዚያው መራብ እንደሚሻል ይወስናል። ቃሉ እውነተኛ ነው፤ የተናገረው ሰው ግን ወደ ለንደን የሚመለስበት መንገድ የነበረው ሰው ነው። ረኃብን መርጦ የተቀበለውና በረኃብ ውስጥ የተወለደው በአንድ አቍማዳ ውሃ ሲጠጡ እኩል ቢመስሉም እኩል አይደሉም። ለደራሲው አሸዋው ነጻነት ነበር፤ ለቢን ካቢና ግን እናቱንና ታናናሾቹን ዛሬ ምን አበላቸዋለሁ የሚያሰኝ የዕለት ጭንቅ ነበር።

በ1962 ከአቡ ዳቢ፥ በ1967 ከዖማን የነዳጅ ዘይት ወደ ውጭ አገር መሸጥ ተጀመረ። እስከ 1970 ድረስ በዖማን ምድር ሁሉ የነበሩት ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ መንገድ፥ ሐኪም ቤትና ትምህርት ቤት በብዛት ተሠራ። ቴሲጀር በ1977 ተመልሶ ሄዶ የጥንት ባልንጀሮቹን አገኛቸው፤ በመኪና ሲሄዱ ባየ ጊዜም እጅግ አዘነ። የሰው ልጅ በሽታው እንዲታከም፥ ልጁም እንዲማር መፈለጉ ክህደት አይደለም። የሚወዱትን ሰው ስለ ውበቱ ብሎ በመከራው እንዲቈይ መመኘት ግን ፍቅር የሚመስል ስስት ነው። ለእውነት ሲባል ይህም ይነገር፤ ደራሲው ከ1990 በኋላ ለውጡ የማይቀር መሆኑን ተቀብሎ ቀድሞ የጻፈውን መራራ ቃል አለዝቧል። በ2003 እስኪሞት ድረስም እነዚያን ሰዎች ከሌላው ሁሉ አብልጦ ማክበሩን አልተወም።

ዛሬ ስድስትና ሰባት ሆነው የሚሄዱ አገር ጐብኝዎች በዖማን የሻርቂያን አሸዋ፥ ጀበል አኽዳርንና የሱርን ባሕር ዳር በጥቂት ቀን በመኪና ያዳርሳሉ፤ ቴሲጀር የተከለከለውንም ተራራ ከመኪና ሳይወርዱ ይወጡታል። ይህን መጽሐፍ በሻንጣቸው የሚይዙ ብዙዎች ናቸው። እነርሱን ስለ መኪናቸው መንቀፍ አይገባም፤ ዳሩ ግን ከጕዞው ሲመለሱ የሾፌሩንና የመንገድ መሪውን ስም፥ እሱም ከመሬቱ ላይ ምን ማንበብ እንደሚያውቅ ካልተናገሩ መጽሐፉን እንዳላነበቡት ይቈጠራል።

የአማርኛ አንባቢ ደግሞ ይህን መጽሐፍ የሚሰማበት ሌላ ጆሮ አለው። ከኢትዮጵያ ተነሥተው በጂቡቲ ባሕር ተሻግረው የየመንን ምድር በእግራቸው አቋርጠው ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ የሚያመሩ ብዙ ወጣቶች አሉ። ጥሙን ያውቁታል፤ ሊዳኙበት የሚችሉት ሕግና ወገን በሌለበት አገር መሄድንም ያውቁታል። ነገር ግን አሸዋውን የገቡበት ነጻነት ሊፈልጉበት ሳይሆን እንጀራ ከወዲያ ማዶ ስላለ ነው። የነሱን ጕዞ በቴሲጀር ትዕግሥትና ጥንቃቄ፥ የየአንዳንዱን ስምና ያካፈለውን ጕርሻ እየቈጠረ የሚጽፍ ሰው ቢነሣ፥ «የዐረብ አሸዋ» የጐደለውን ግማሽ ይሞላው ነበር።

እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው። መጽሐፉ በአሳቡ ቢሳሳትም በዐይኑ አልተሳሳተም፤ ደራሲው በተመኘው ነገር ላይ የሚከራከረው ሰው እንኳ ባየው ነገር ላይ አይከራከረውም። ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚደክም ሰውም ስለ ዱካውና ስለ ጥንቸሏ የተጻፉትን ገጾች አንድ ቃል ሳያሳምር፥ አንድ ቃልም ሳያጎድል እንዳሉ ይመልሳቸው፤ ማሳመሩን ጺሙ የሸበተው ሰው ጨርሶታልና።