ጠያቂውና ተጠያቂው፤ ስለ ክትባትና ስለ አንቲባዮቲክ በሚደረጉ ጥናቶች ላይ የቀረበ ሂስ

ስለ ሕዝብ ጤና በየጊዜው የሚወጡትን ጥናቶች ያገላበጠ ተማሪ ሁሉ ሁለት ዓይነት ጽሑፎች ደጋግመው ያጋጥሙታል። አንደኞቹ «ሰው ልጁን ለማስከተብ ለምን ያመነታል?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ሁለተኞቹ «ሰው አንቲባዮቲክ የተባለውን መድኀኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለምን ይወስዳል?» ይላሉ። ጥያቄዎቹ ቢለያዩም አሠራሩ አንድ ነው። የመጠይቅ ወረቀት ይዘጋጃል፤ «እውቀት»፥ «አመለካከት»፥ «ድርጊት» በሚሉ ሦስት ክፍሎች ይከፈላል፤ መልሱ እንደ ተማሪ ፈተና ይታረማል፤ ጥቂት ነጥብ ያገኘው ሰው «እውቀቱ ዝቅተኛ» ይባላል፤ በመጨረሻም «ለኅብረተሰቡ ትምህርት ይሰጥ» የሚል ማሳሰቢያ ይጻፋል። ይህ ማሳሰቢያ ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት የታወቀ ስለ ሆነ፥ ያ ሁሉ ድካም ምን አዲስ ነገር እንደ ጨመረ መጠየቅ ከነውር የሚቈጠር አይመስለኝም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ሁለቱን ዓይነት ጽሑፎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ያነበበ ሰው አንድ እንግዳ ነገር ያስተውላል። በመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ የገጠሩ ሰው መርፌ የሚፈራ፥ ዘመናዊ ሕክምና የማያምን፥ ወሬ የሰማ እንደ ሆነ የሚሸሽ ሁኖ ይታያል። በሁለተኞቹ ላይ ግን ያው ሰው መርፌ ካልተወጋ የታከመ የማይመስለው፥ ክኒን ከመድኀኒት ቤት እየገዛ በየምክንያቱ የሚውጥ ነው። በእውነትም ከጤና ጣቢያ በምክር ብቻ የተመለሰ ሕመምተኛ «ሳይወጉኝ ሰደዱኝ» ብሎ ሲያማርር መስማት በሀገራችን የተለመደ ነው። «ልጄን አስወጋሁት» የሚለው አነጋገርም ለክትባትም ለሕክምና መርፌም እኩል ያገለግላል። የመከተብ አሳብ ራሱ ቢሆን ለሀገራችን ሰው ባዕድ አልነበረም፤ ከፈንጣጣ ሕመምተኛ ቍስል ወስዶ ጤነኛውን መከተብ ከዘመናዊው ክትባት በፊት የታወቀ መሆኑን ናትናኤል ፒርስ የተባለው እንግሊዛዊ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጽፎታል። እንግዲህ አንድ ቤተ ሰብ በአንድ ጊዜ መርፌን የሚፈራም መርፌን የሚወድም ከሆነ፥ «ዘመናዊ ሕክምናን አለማወቅ» የሚለው ምክንያት ሁለቱን ነገር ሊያስረዳ አይችልም። ወይ ሰውየው ሁለት ሰው ነው፥ ወይ ጥያቄው የተሳሳተ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ እንነጋገር። የዓለም ጤና ድርጅት የክትባት አማካሪዎች ያቋቋሙት የሊቃውንት ቡድን በ2014 ባቀረበው ዘገባ፥ የክትባት ማመንታት ማለት የክትባት አገልግሎት እያለ ክትባቱን ለመቀበል መዘግየት ወይም አለመቀበል ነው ብሎ ወሰነ። ምክንያቶቹንም በሦስት መደባቸው፤ እምነት ማጣት፥ በሽታውን መናቅ፥ የአገልግሎቱ አለመመቸት። አሁን አንባቢ ልብ ይበል። ትርጓሜው «አገልግሎቱ እያለ» ይልና፥ ከምክንያቶቹ አንዱ አገልግሎቱ ሩቅ ወይም የማይመች መሆኑ ነው ይላል፤ አንዱ ሐረግ ሌላውን ያፈርሰዋል። ይህም የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። ረዥም መንገድ ተጉዛ የጤና ኬላው ተዘግቶ ያገኘችው እናትና «ክትባት መርዝ ነው» ብላ ልጅዋን የደበቀችው እናት በአንድ መዝገብ ይጻፋሉ። ድርጅቱ ራሱ በ2022 ባወጣው ጽሑፍ ትርጓሜውን አጥብቦ፥ ማመንታት ስለ መከተብ የልብ መከፈል ወይም ተቃውሞ እንጂ ድርጊቱ አይደለም ወደሚል አሳብ ተመልሷል። የአማርኛው ቃል ይህን ቀድሞ ያውቅ ነበር ለማለት ይቻላል፤ ማመንታት ከመንታ ጋር የተዛመደ ቃል ነውና ሁለት ልብ መሆንን እንጂ መቅረትን አያመለክትም። በእኛ መጠይቆች ላይ ግን የቀረ ሁሉ እንዳመነታ ተደርጎ ይቈጠራል።

የሀገራችንን ቍጥር እንመልከት። በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፥ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 23 ወር ከሆኑት ሕፃናት መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ የጨረሱት 39 በመቶ ነበሩ። ይህ ቍጥር በየጽሑፉ መግቢያ ላይ ይጠቀሳል፤ ከእርሱ በስተጀርባ ያለው ግን ብዙ ጊዜ ይታለፋል። አምስት በሽታዎችን የሚከላከለውን ፔንታቫለንት የተባለውን ክትባት አንደኛውን ዙር ያገኙት 73 በመቶ ሲሆኑ፥ ሦስተኛውን ዙር ያገኙት 53 በመቶ ናቸው። ከመቶ ልጆች 20ዎቹ እናታቸው አዝላቸው መጥታ፥ መርፌውን አስወግታ፥ ከዚያ በኋላ ግን ሦስተኛው ዙር ሳይደርሳቸው ቀርቷል ማለት ነው። የመጀመሪያው መርፌ ባመጣው ትኩሳት ደንግጠው የቀሩ የሉም አልልም። ነገር ግን ክትባትን በመርሕ የሚቃወም ሰው በመጀመሪያውም ቀን አይመጣም። ደግሞ በዚያው ጥናት መሠረታዊ ክትባቶችን የጨረሱት በአዲስ አበባ 89፥ በአፋር 15 በመቶ ነበሩ። የአዲስ አበባ እናት ከአፋር እናት ስድስት እጥፍ ታውቃለች የሚል ቢኖር መጥቶ ያስረዳን። ከብት እየተከተለ ውሀና ሣር ወዳለበት የሚሄድ ሕዝብ፥ በአንድ ቦታ ተተክሎ የሚጠብቀውን የጤና ኬላ በቀጠሮው ቀን እንዴት ያገኘዋል ብሎ መጠየቅ ለእውነት ይቀርባል።

በጤና ኬላው ውስጥም ቢሆን መጠይቁ የማያየው ነገር አለ። የኩፍኝ ክትባት ዱቄት ሁኖ የሚመጣ ሲሆን፥ ለብዙ ጊዜ የተለመደው ብልቃጥ ለ10 ልጆች የሚበቃ ነው፤ የሳንባ ነቀርሳው ክትባት ብልቃጥ ደግሞ ለ20 ሕፃናት ይሆናል። ሁለቱም አንድ ጊዜ ከተበጠበጡ ከ6 ሰዓት በኋላ መደፋት አለባቸው። ስለዚህ አንዲት እናት ብቻዋን የመጣች እንደ ሆነ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከሁለት ነገር አንዱን መምረጥ አለባት፤ ለአንድ ልጅ ብላ ብልቃጡን ከፍታ የቀረውን መድፋት፥ ወይም «ሌሎች ልጆች ሲሰበሰቡ ተመለሽ» ብላ መስደድ ነው። ክትባት አባከንሽ እንዳትባል የምትሠጋ ሠራተኛ ሁለተኛውን ብትመርጥ አይፈረድባትም። እናቲቱ ግን የአንድ ቀን ሥራ አቃጥላለች፤ በሌላ ቀን ላትመለስ ትችላለች። በዓመቱ የመጠይቅ ወረቀት ይዞ የሚመጣው ተመራማሪ ልጁ እንዳልተከተበ ይመዘግብና «ክትባት የሚከላከላቸውን በሽታዎች ዘርዝሪ» ይላታል። ሁለቱን ብቻ ከጠራች ምክንያቱ ተገኘ ይባላል። በቋንቋችን «ተጠያቂ» የሚለው ቃል ጥያቄ የሚቀርብለትንም ጥፋት የሚጣልበትንም ሰው እንደሚያመለክት እናውቃለን፤ በእነዚህ ጥናቶች ሁለቱ ትርጓሜዎች ሳይታወቅ ይቀላቀላሉ።

ስለ «አመለካከት» የሚጠየቀውም ከዚህ የተሻለ አይደለም። ደብተር ይዞ ከከተማ ለመጣ እንግዳ «ክትባት ይጠቅማል ወይ?» ብሎ ለጠየቀ «አዎ፥ ይጠቅማል» ማለት የእንግዳ ክብር ነው። «እሺ» ማለት እንግዳን አለማሳፈር እንጂ ሁልጊዜ መስማማት እንዳልሆነ በዚህ ሀገር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፤ የመጠይቁ ሠንጠረዥ ግን አያውቀውም።

እምቢታ ፈጽሞ የለም የሚል ተቃራኒ ስሕተት ውስጥ እንዳንገባ ደግሞ በሰሜን ናይጄሪያ በካኖ የሆነውን እናስታውስ። በ2003 የካኖ ባለ ሥልጣኖችና የሃይማኖት መሪዎች የልጅነት ልምሻን የሚከላከለው የፖሊዮ ጠብታ የሚያመክን ነገር አለበት ብለው ዘመቻውን አገዱ፤ እስከ 2004 አጋማሽ ድረስም ቈየ። ቫይረሱ ከበሽታው ነጻ ወደ ነበሩ ብዙ አገሮች ተዛመተ፤ በሱዳን በኩልም ወደ ሀገራችን ገባ። ወሬው ሐሰት ነበር፤ ጉዳቱ ግን እውነት ነበር። ይህን ታሪክ የሚጠቅሱ ጽሑፎች «የተሳሳተ ወሬ» ብለው ያልፋሉ። ከዚያ በፊት በዚያው በካኖ የሆነውን የሚጨምሩት ጥቂቶች ናቸው፤ እርሱም የሚያስገርመው ስለ አንቲባዮቲክ ነው። በ1996 ብርቱ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ በነበረበት ወራት ፋይዘር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ትሮቫን የተሰኘውን አዲስ አንቲባዮቲክ በካኖ ልጆች ላይ ሞከረ። ከ200 ልጆች ግማሾቹ ትሮቫን፥ ግማሾቹ ሴፍትሪያክሶን ተሰጣቸው፤ ከሁለቱም ወገን በድምሩ 11 ሞቱ። ወላጆች ሙከራ መሆኑን አልተነገረንም ሲሉ፥ ኩባንያው ልጆቹን የገደለው በሽታው ነው ብሎ ተከራከረ፤ ነገሩ በታኅሣሥ 2000 በዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ወጣ፤ በ2009ም ኩባንያው ከካኖ ክፍለ ሀገር ጋር በ75 ሚሊዮን ዶላር ታረቀ። የካኖ አባት የሕክምና እውቀት ስለ ጐደለው ብቻ ተጠራጠረ ማለት እንግዲህ ይከብዳል፤ የሚያውቀውም ነገር ነበር። ዘመቻው የተከፈተውም ስለ ክትባት ትምህርት ስለ ተሰጠ ብቻ አይደለም፤ መሪዎቹ የሚያምኑት ምርመራ ተደርጎ፥ ክትባቱም ከኢንዶኔዥያ እንዲመጣ ከተስማሙ በኋላ ነው። ከላይ የጠቀስነው የሦስት ምክንያቶች ሠንጠረዥ «እምነት» የሚል ዓምድ አለው፤ ነገር ግን የሚለካው የሚያምነውን ሰው ነው፤ የሚታመነው መሥሪያ ቤት ለመታመን የተገባ መሆኑን የሚለካ ዓምድ የለውም።

ወደ አንቲባዮቲክ እንሻገር። በዚህ ነገር ተራውን ሰው መክሰስ የተጀመረው ገና ከመነሻው ነው። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ባደረገው ንግግር አንድ ምሳሌ ተናገረ። ጕሮሮውን ያመመው ሰው ፔኒሲሊን ራሱ ገዝቶ ከሚበቃው በታች ይወስዳል፤ ስትሬፕቶኮከስ የተባለውም ባክቴሪያ መድኀኒቱን ይለምዳል፤ ከዚያ ወደ ሚስቱ ይተላለፍና ትሞታለች፤ ጥፋቱ የባልየው ነው። ማስጠንቀቂያው ለጠቅላላው ነገር ትክክል ነበር፤ ባክቴሪያዎች መድኀኒትን ለምደዋል፤ በ2019 በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች በቀጥታ በዚህ ምክንያት እንደ ሞቱ ተገምቷል። ነገር ግን የጕሮሮ ሕመም የሚያመጣው ዋናው ስትሬፕቶኮከስ እስከ ዛሬ ድረስ በፔኒሲሊን ይሞታል። የባልየው ጥፋት የተባለው በዚያ ባክቴሪያ ላይ አልደረሰም፤ ክሱ ግን በየመጠይቁ ይኖራል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 በ12 አገሮች ወደ 10,000 የሚጠጉ ሰዎችን ጠይቆ ነበር። 64 በመቶው ጕንፋንና ኢንፍሉዌንዛ በአንቲባዮቲክ ይድናል አሉ፤ ይህ በእርግጥ ስሕተት ነው፤ አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይነካምና። 32 በመቶው ደግሞ የተሻለው ሰው መድኀኒቱን ማቆም አለበት አሉ፤ ይህም ስሕተት ተብሎ ታረመ። በ2017 ግን ቢኤምጄ በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ ሐኪሞች፥ መድኀኒትን ቀድሞ ማቆም መላመድን ያመጣል ለሚለው ትምህርት በቂ ማስረጃ የለም፥ ይልቅስ ከሚያስፈልገው በላይ መውሰድ ያባብሳል ብለው ጻፉ። (ሳንባ ነቀርሳን የመሰለው በሽታ ከዚህ ውጭ ነው፤ መጠኑንና ቀኑንም የሚወስነው ሐኪሙ ነው።) ፈታኙ መልሱን ገና ያልጨረሰበት ጥያቄ በተፈታኙ ላይ እንደ ድንቍርና ተቈጠረ ማለት ነው። 76 በመቶው ደግሞ መድኀኒቱን የሚለምደው የሰውየው አካል ነው ብለው መለሱ። በአማርኛ «መድኀኒቱን ለመደው» ሲባል ማን እንደ ለመደው አይታወቅም፤ ሕመምተኛው «ሰውነቴ ለመደው» ሲል፥ ሐኪሙ ባክቴሪያውን ያስባል። መጠይቁን ከእንግሊዝኛ የሚተረጕም ተማሪ ይህን ካላስተዋለ የሚለካው የራሱን ትርጕም ነው።

መድኀኒቱን የሚሸጠው ማን ነው የሚለው ጥያቄም አለ። እንደ ሕመምተኛ ሁነው መድኀኒት ቤት በመግባት በጎንደር ጭምር የተደረጉት ጥናቶች ለዚህ የተሻሉ ናቸው፤ ምን ያስባሉ ሳይሆን ምን ያደርጋሉ የሚለውን ያያሉና። ባለ መድኀኒት ቤቱ ሳያውቅ መታየቱ ተገቢ ነው ወይ የሚለው ክርክር ግን ገና ያልተዘጋ ነው። ደግሞ በሽታው የባክቴሪያ ይሁን የቫይረስ የሚለይበት ላቦራቶሪ በሌለበት ቦታ፥ ሐኪሙ ራሱ በግምት ሲያዝ፥ ሕመምተኛው በግምት ስለ ገዛ ብቻውን መወቀሱ አድልዎ ነው። ሁለቱ ዓይነት ጽሑፎች እርስ በርሳቸው ቢነበቡም ብዙ ይጠቅማሉ። በአሜሪካ ከ2000 ጀምሮ ሕፃናት የኒሞኮከስ ክትባት ሲሰጣቸው፥ ፔኒሲሊንን የለመደው የዚሁ ባክቴሪያ ብርቱ ሕመም በብዙ ቀንሷል። ክትባቱ ወደ ሀገራችን የገባው በ2011 ነው። ያ ብልቃጥ ሳይከፈትለት የተመለሰ ልጅ በኋላ በሳል አንቲባዮቲክ ሲገዛለት በሌላኛው ጥናት ላይ እንደ አዲስ ጥፋተኛ ይመዘገባል።

ትምህርት አያስፈልግም አላልሁም፤ ስለ ጕንፋን የተባለው ስሕተት በትምህርት እንጂ በሌላ አይታረምም። የምጠይቀው በመጠይቁ ላይ ያለውን ቦታ ነው። «በሽታዎቹን ዘርዝሪ» ከሚለው ፋንታ «ልጅዎን ይዘው መጥተው ሳይከተብ የተመለሱት ስንት ጊዜ ነው? ምን ብለው መለሱዎት?» የሚል ይጻፍ። ስለ ክኒኑም «ከመግዛትዎ በፊት ጤና ጣቢያ ሄደው ነበርን? ምን ያህል ጠበቁ? ምን ከፈሉ?» ይባል። እነዚህ መልሶች ትክክልና ስሕተት ተብለው አይታረሙም፤ ስለዚህ «እውቀት» በሚለው ክፍል ውስጥ አይገቡም፤ ሠንጠረዡ መለወጥ ይኖርበታል።