ተኝቶ የተለካ ሕመም

በኢሉባቦር፣ በጎሬም ሆነ በመቱ፣ ከቀዶ ሕክምና የወጡ ሰዎችን መንከባከብ የጀመረ አዲስ ነርስ ብዙ ሳይቆይ የሚያነሣው ጥያቄ፣ ሕመምተኛው በአፉ «ደህና ነኝ» እያለ ፊቱ ሌላ ሲናገር በቻርቱ ላይ የትኛው ይጻፍ የሚለው ነው። የሙያው የተለመደ መልስ አሜሪካዊቷ ነርስ ማርጎ ማካፈሪ በ1968 እ.ኤ.አ. ያስቀመጠችው መርሕ ሲሆን፣ እሱም ስለ ሕመም ዳኛው የሚታመመው ሰው ራሱ ነው ይላል። መርሑ ትክክል ነው፤ ስሕተቱ የሚገባው ሕመምተኛው በሚጠየቅበት ሁኔታ ነው። ጉልበቱን አጥፎ፣ ትንፋሹን አሳጥሮ የተኛ ሰው ከዜሮ እስከ ዐሥር በሚደርሰው የቁጥር መለኪያ «ሁለት» ቢል እውነቱን ነው፤ የማይንቀሳቀሰውም ሕመሙ ከሁለት እንዳያልፍበት ብሎ ነው።

ስለዚህ በእረፍት ብቻ የተለካ ሕመም እንደ ተለካ ሊቆጠር አይገባም። ሕመምተኛው በረጅሙ ተንፍሶ፣ አስሎ፣ ወደ ጎን ተገላብጦ እንደገና መጠየቅ አለበት። ሆዱ የተከፈተ ሰው ቁስሉን ፈርቶ ካላሳለ አክታው ይጠራቀማል፣ የሳንባው የታችኛው ክፍል አየር አጥቶ ይኮማተራል፣ የሳንባ ምችም ሊከተል ይችላል፤ ከአልጋው ካልወረደ ደግሞ በእግሩ ደም ሥር ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። «2» ብቻ የተጻፈበት ቻርት ይህን አደጋ ይሸፍናል፤ «በእረፍት 2፣ ሲያስል 8» ተብሎ የተጻፈው ግን በራውንድ ጊዜ ሐኪሙን ማስታገሻውን እንዲያስተካክል ያስገድዳል። ሕመምን ከሙቀት፣ ከደም ግፊት፣ ከልብ ምትና ከአተነፋፈስ ቀጥሎ አምስተኛ የሕይወት ምልክት አድርጎ መመዝገብ በቂ ነው የሚሉ አሉ። ይህ አሠራር ሕመም ጨርሶ ሳይጠየቅ ከመቅረቱ በእጅጉ ይሻላል፤ ሆኖም ሕመምን ተኝቶ እንደሚለካ ሙቀት ማየቱ ትልቅ ጉድለቱ ነው።

በኢሉባቦር ጉዳዩን የሚያከብደው ሌላ ነገርም አለ። ማለዳ «አባባ፣ እንዴት አደሩ?» የተባሉ ሽማግሌ ክርስቲያን ከሆኑ «እግዚአብሔር ይመስገን»፣ ሙስሊም ከሆኑ «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ፤ በአፋን ኦሮሞ ቢጠየቁም የሚመልሱት ያንኑ ምስጋና ነው። ነርሷ ምስጋናውን በአክብሮት ተቀብላ «ልደግፍዎና ቀና ብለው ይቀመጡ» ልትል ይገባል። እጃቸው ወደ ቁስሉ ከሄደ፣ ጥርሳቸውን ከነከሱ፣ ቁጥር የሚጠየቁት ያን ጊዜ ነው። ሌሊቱን አጠገባቸው ያደረው አስታማሚም ስንት ጊዜ እንደ ነቁና ለመገላበጥ እንደ ፈሩ ስለሚያውቅ ሊጠየቅ ይገባዋል፤ በሥራ ጥድፊያ መካከል ይህ በቀላሉ የሚረሳ ነገር ነው።

ከዋርድ ውጭም ነገሩ ያው ነው። ቀፎ ሊሰቅል ዛፍ ላይ ወጥቶ የወደቀና የጭኑ አጥንት የተሰበረ ሰው ከጎሬ ወደ መቱ ካርል ሆስፒታል ሪፈር ሲጻፍለት፣ በአምቡላንሱ አልጋ ላይ ጸጥ ማለቱ ለጉዞው መዘጋጀቱን አያሳይም፤ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር የተሰበረው አጥንት ጫፍና ጫፉ ይንቀሳቀሳልና። ስብራቱን እንዳይነቃነቅ አድርጎ የሚይዘው ስፕሊንት ራሱ ማስታገሻ ነው፤ መድኃኒቱም የሚሰጠው ሥራውን እስኪጀምር የሚበቃ ጊዜ ቀደም ብሎ ነው። በአፍ የተወሰደ ሞርፊን ሙሉ ኃይሉን ለማሳየት አንድ ሰዓት ያህል ይፈልጋልና ቁስል ሊታጠብ ሲል የሚሰጥ ሞርፊን ለእጥበቱ አይደርስም። ሞርፊን ትንፋሽ ያቆማል የሚለው ፍርሃት መሠረት አለው፤ የሚያስፈልገው ግን መድኃኒቱን መንፈግ ሳይሆን፣ የእንቅልፍ መክበድ አብዛኛውን ጊዜ ከአተነፋፈስ መዘግየት እንደሚቀድም አውቆ ሁለቱንም መከታተል ነው።

በዚህ መንገድ ለዓመታት የሠራች ነርስ ከሙያዋ የምታገኘው ትልቁ ነገር መታመን ነው። ማስታገሻው ሠርቶላቸው በራሳቸው ጉልበት ከአልጋ የወረዱ ሽማግሌ፣ በማግሥቱ ምስጋናቸውን ካደረሱ በኋላ ሳይጠየቁ «ሲስተር፣ ስነሣ ግን እዚህ ጋ ይወጋኛል» ይሏታል፤ እሷም በእረፍትና በእንቅስቃሴ ያገኘችውን ሁለቱንም ቁጥር ጽፋ ለማታ ተረኛዋ ታስረክባለች።