ቦታህ የት ነው? ስለ አዳነ ግርማና «ሁለገብ» ስለሚባለው ቃል

መንዝ ተወልዶ ላደገ ልጅ «ሁለገብ» የእግር ኳስ ቃል አይደለም፤ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። «ሁለገብ ስኳር መጥቷል» ከተባለ እናቶች ፌስታል ይዘው ከበሩ ይሰለፋሉ። ማዳበሪያውም፣ ምርጥ ዘሩም፣ ዘይቱም የሚወጣው ከዚያው ቤት ነው። ሁሉ ይገኝበታል የተባለ ቤት ግን አንድ ነገር አያጣም ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ስኳሩ ሲመጣ ዘይቱ የለም፤ ዘይቱ ሲመጣ ቁልፍ ያዡ ለስብሰባ ወረዳ ሄዷል። ታዲያ ልጅ ሆኜ በሬዲዮ «ሁለገቡ ተጫዋች» ሲባል ስሰማ፣ ሰውዬው የሆነ ነገር የሚጎድለው ይመስለኝ ነበር።

አሁን ሳስበው የልጅነት ስህተቴ ያን ያህል ስህተት አልነበረም። ጋዜጠኞቻችን ቃሉን የሚያወጡት ለምስጋና ነው፤ ምስጋናው እንደተነገረ ግን ወሬው ያልቃል። «በአጥቂም፣ በአማካይም፣ በተከላካይም መሰለፍ የሚችለው ሁለገቡ እገሌ» ይባልና ወደ ውጤቱ ይታለፋል። ስለ አጥቂ ስንት ይወራል! የሳታት ኳስ እንኳ ሳትቀር ትተነተናለች። የሁለገቡ ሥራ ግን ስም ወጣለትና ተዘጋ። ይህን ስም እንደ አዳነ ግርማ የተሸከመ ተጫዋች በእኔ ዘመን አላየሁም።

አዳነ ሀዋሳ ያበቀለችው፣ ብዙውን ዘመኑን በቅዱስ ጊዮርጊስ ማሊያ ያሳለፈ ተጫዋች ነው። ፊት መስመር ተሰልፏል፣ መሐል ላይ ተጫውቷል፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ከተከላካዮች ጋር ቆሟል። ሕዝቡ የሚያስታውሰው ግን ጎሎቹን ነው፤ በተለይ ሁለቱን። የመጀመሪያዋ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም የገባችው ናት። ብሔራዊ ቡድናችን ሱዳን ሄዶ 5 ለ 3 ተሸንፎ መጥቷል። ለማለፍ ቢያንስ 2 ለ 0 ያስፈልጋል። ከእረፍት በኋላ አዳነ አንድ፣ ሳላዲን ሰዒድ አንድ፤ በቃ፣ ከ1974 ዓ.ም. ወዲህ ያላየነው የአፍሪካ ዋንጫ ተከፈተልን። ሁለተኛዋ ጥር 13 ናት።

ጥር 13 ላይ ትንሽ ልቆይ። በዚያ ቀን በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ በልታለች። 51 ዓመት ቆጥሮ በዚያው ቀን አዳነና ጓደኞቹ ኔልስፕሩት ላይ ከዛምቢያ፣ ማለትም ካለፈው ዓመት የዋንጫ ባለቤት ጋር ገጠሙ። እኛ መሐል ሜዳ ከተማ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ነበርን። ጥምቀት ካለፈ ሁለት ቀኑ፣ ቃና ዘገሊላ ካለፈ አንድ ቀኑ ነው፤ ከገጠር ለበዓል የገባው ሰው ገና አልተመለሰም። የመንዝ የጥር ብርድ ደግሞ ይታወቃል። ጋቢና ካፖርት የለበሰ ሁሉ ተጣቦ ቤቱ በትንፋሽ ሞቋል።

ሳላዲን ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፤ ደጋፊው ቩቩዜላውን ወደ ሜዳ ወርውሮ ጨዋታው ተቋረጠ። ከእረፍት በፊት ምቤሱማ አገባብን። በአሥር ሰው፣ አንድ ለባዶ እየተመራን። ከኋላዬ አንዱ «ተነሱ፣ ከብት ይግባ» አለ። በ65ኛው ደቂቃ አዳነ ኳሷን ከኬኔዲ ምዌኔ መረብ ጋር አገናኛት። ሻይ ቤቱ ምን እንደሆነ ልነግራችሁ አልሞክርም፤ የተሰበረውን ብርጭቆ ባለቤቷ እስከ ፋሲካ ስታነሳብን ነበር።

(በቅንፍ፦ ይኸው ምዌኔ ከአራት ቀን በኋላ በናይጄሪያ ላይ ራሱ ፍጹም ቅጣት ምት መትቶ አስቆጠረና ቡድኑን አቻ አደረገ። በረኛ ጎል ሲያገባ «ሁለገብ» አላልነውም፤ «ጉድ!» ነው ያልነው። ጉድ ሲሆን ይታወሳል፣ ሁለገብ ሲሆን ይረሳል።)

ከቡርኪናፋሶ ጋር የሆነውን ዝም ብዬ ልለፈው፤ 4 ለ 0 ነው። የናይጄሪያው ግን ለጉዳዬ ያስፈልገኛል። ጥር 21 ነበር፣ አስተርእዮ ማርያም። ናይጄሪያ በቪክተር ሞሰስ ፍጹም ቅጣት ምት መራች። ሊያልቅ ሲል ሁለተኛ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ፤ በረኛው ሲሳይ ባንጫም ተባረረ። ሦስቱም ቅያሪ አልቋል። አማካዩ አዲስ ህንጻ ጓንት አጠለቀና ከጎሉ መሐል ቆመ። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አዛውንት፣ ኳስ ብዙም የማይከታተሉ፣ «ይሄ ልጅ ቅድም መሐል ሜዳ አልነበረም እንዴ?» አሉ። ሌላው ቀበል አድርጎ «አያ፣ መሐል ሜዳ ያለነው እኛ ነን» ሲል ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሞሰስ መታ፣ ገባ፣ 2 ለ 0፤ ሳቁም እዚያው ላይ ደረቀ።

በማግስቱ ስለ አዲስ «ለአገሩ በረኛ ሳይቀር የሆነ ሁለገብ» የሚል ሙገሳ ሰማሁ። ከዚህ አነጋገር ጋር ነው ጠቤ። አዲስ ጓንት ያጠለቀው ሌላ ሰው ስላልነበረ ነው፤ ያደረገው የወንድ ሥራ ነው፣ ይከበር፤ ችሎታ ግን አይደለም፣ መከራ ነው። አዳነ ከፊት ወደ ኋላ ሲመለስ ያደርገው የነበረው ደግሞ ዕውቀት ነው። አጥቂ ሆኖ የኖረ ሰው ተከላካይ ሲሆን አጥቂው ቀጥሎ ወዴት እንደሚሮጥ ያውቃል፤ እሱም ሲሮጥበት የኖረ መንገድ ነዋ። ሁለቱን በአንድ ቃል መጥራት ዕውቀትንና ችግርን አንድ ማድረግ ነው። እኛ ደግሞ ችግርን ማሞገስ የለመደብን ነን።

ሌላው ዓለም እንዴት እንደሚያወራ ለማየት ማስቸራኖን እንውሰድ፤ በዚያ ዘመን ባርሴሎናን የማይደግፍ የመሐል ሜዳ ልጅ ጥቂት ስለነበር ሁላችንም እናውቀዋለን። አርጀንቲናዊው በ2010 እ.ኤ.አ. ከሊቨርፑል ሲመጣ የመሐል ተጫዋች ነበር። ጓርዲዮላ ወስዶ የመሐል ተከላካይ አደረገው። ለአገሩ ሲጫወት ግን ተመልሶ አማካይ ነው፤ የ2014ቱን የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የተጫወተው በዚያ ቦታ ነው። ለባርሴሎና ከ300 በላይ ጨዋታ ተሰልፎ ያስቆጠረው አንድ ጎል ብቻ ነው፤ እሷም ፍጹም ቅጣት ምት ናት። በጎል ብንቆጥረው ሰውዬው የለም ማለት እኮ ነው! ግን አለ፤ ምክንያቱም ለምን ወደ ኋላ እንደተሳበ፣ ቁመቱ አጭር ሆኖ ሳለ ጨዋታን ቀድሞ በማንበብ እንዴት እንደተካሰ፣ ከእሱ እግር የሚነሳው ኳስ ለቡድኑ ምን እንደጠቀመ ተጽፏል፣ ተከራክረውበታል። የእኛው አዳነ ወደ ኋላ ሲመለስ «ክፍተት ሸፈነ» ተባለ። ክፍተቱ የማን ነበር? ሲሸፍነው ፊት ላይ ምን ጎደለ? ጠያቂ አልሰማሁም።

እኛም ብንሆን ስንፈልግ እንችልበታለን። ይድነቃቸው ተሰማን ስናነሳ «ሁለገብ ነበሩ» ብለን አናልፍም። በቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች የነበሩበት፣ የ1954ቱን ቡድን ያሠለጠኑበት፣ ካፍን በፕሬዚዳንትነት የመሩበት፣ ሁሉም የየራሱ ታሪክ አለው። ወንበሩ ስለሚታይ ይመስለኛል። ሜዳ ላይ ያለ ቦታ ወንበር የለውም።

አገሬ ገበሬውን ስታዩት ነገሩ ይገባችኋል። መንዝ ላይ በገብስ ብቻ አይኖርም፤ ውርጭ አንድ ሌሊት ይበቃዋል። ስለዚህ ሰውዬው ያርሳል፣ በግ ያረባል፣ ጠጉሩን ይሸልታል፤ ከጠጉሩ በና ይሠራል፣ ድንጋይ ፈልጦ ካብ ይክባል። አጎቴ እንዲህ ያለ ነው። ማንም ግን «ሁለገብ» አይለውም። ሲያመሰግኑት «የማይገባበት የለም» ይሉታል። ሲያሙትም «የማይገባበት የለም» ይሉታል። ያው አንዱ ቃል ነው፤ የሚለየው የተናጋሪው ከንፈር ብቻ ነው። «ሁለገብ»ም ከዚያው «ገባ» ከሚለው የወጣ ነው፤ ሐሜቱን አብሮ ይዞት የመጣ ይመስለኛል።

ሐሜቱ ምን እንደሚያደርግ በቤቴ አይቻለሁ። ታናሽ ወንድሜ በወረዳ ውድድር ግራ ተመላላሽም፣ አሥር ቁጥርም፣ አንድ ጊዜም በረኛ ሆኖ ተጫውቷል። ለሙከራ ደብረ ብርሃን ወረደ። መልማዩ «ቦታህ የት ነው?» አለው። «የትም» አለ ወንድሜ፣ በኩራት። «የትም የሚጫወት የትም አይጫወትም፤ ወደዚያ ቁም» ተባለ። ቆመ። መሸ። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» የሚለውን ተረት እናታችን ያን ሰሞን ለማጽናኛ ተናግራዋለች፤ አላጽናናውም።

መልማዩ ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል አልልም። አንድ ቦታ ላይ ሺህ ጊዜ የቆመ ሰው የሚያገኘው ነገር አለ፤ የሸማኔ እጅ እንደሚያገኘው። አዳነም ዘመኑን ሁሉ ፊት ላይ ቢቆም ጎሉ ይበዛ ነበር ይሆናል። ግን ጥር 13ን መልሼ ባየሁ ቁጥር የምጠይቀው ሌላ ነው። በአሥር ሰው ሲጫወቱ የአጥቂና የአማካይ ድንበር ይጠፋል፤ አንዱ የሁለት ሰው ሥራ ይዞ ይሮጣል። በዚያ ሰዓት ቦታው የጠፋበት ሰው ይደናገጣል። አዳነ ያልተደናገጠው፣ ቦታ ማጣትን የለመደ ስለሆነ ይመስለኛል። ግምቴ ነው፤ ግን አግቢውን ብቻ ከማሞገስ የተሻለ ግምት ነው።

ወንድሜ አሁን ባጃጅ ይነዳል። ባለፈው ጥምቀት ቤት ስንገናኝ ያቺን ጎል በስልኬ አሳየሁት። አይቶ ዝም አለ። ከዚያ «ከዚህ በፊት ያለውን አምጣው፤ ከየት ተነስቶ እንደመጣ ልየው» አለኝ። ወደ ኋላ መለስኩት። ቪዲዮው የሚጀምረው ኳሷ እግሩ ሥር ከደረሰች በኋላ ነው።