አጠገብ ቁጭ ብሎ ማሳየት

በቦሌ መንገድ ግራና ቀኝ ካሉት መሥሪያ ቤቶች አንዱ የሰው ኃይል ሶፍትዌሩን ሲቀይር፣ ከሁሉ የማደንቀው ከሠራተኛው አጠገብ ቁጭ ብሎ የሚያሳየውን ባለሙያ ነው። የፈቃድ ቅጽ በወረቀት ሞልተው ማስፈረም የለመዱ አዛውንት ሾፌር ስልካቸውን ይዘው ሲመጡ፣ “ጋሼ፣ እርስዎ ይጫኑት” ይላል እንጂ ተቀብሎ አይጨርስላቸውም። ለዚህ ትዕግሥት ትልቅ አክብሮት አለኝ።

እውቀቱም ቀላል አይደለም። ከውጭ የመጣው ሥርዓት የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ ያለን የአባትና የአያት ስም ነው። በ2006 የተቀጠረ ሰው፣ ቀኑ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሳይቀየር ከገባ፣ አገልግሎቱ በሰባት ስምንት ዓመት ይዛባል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ስለዚህ የቅጥር ቀን ስሕተት የሰውን ዕረፍት ይነካል። ጎበዙ ባለሙያ የድሮውን ማህደር ከአዲሱ ጋር ያመሳክራል፤ ቀሪውን ፈቃድ ለየባለቤቱ አሳይቶ “ልክ ነው?” ብሎ ይጠይቃል። እሱ ባይኖር ስሕተቱ የሚታወቀው፣ ሠራተኛው ልጁን ለመዳር አገር ቤት ሊሄድ ፈቃድ የጠየቀ ዕለት ነበር።