የጫኖ መልክዓ ምድርና የእንጨት ቅርጽ ኅትመት

በእንጨት ቅርጽ ኅትመት ሠዓሊው የሚሥለው በማንሣት ነው። በመሮ የተፈለፈለው ስፍራ በወረቀቱ ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ያልተነካው ገጽ ቀለም ተቀብሎ ይጠቁራል። ጀርመናዊው ሃንሰን ባሂያ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1966 በአዲስ አበባ ይህንኑ ጥበብ አስተምረዋል፤ ሠዓሊ ዘሪሁን የትምጌታም ከተማሪዎቻቸው አንዱ ነበሩ። በመምህሩ ሥራዎች ውስጥ ገኖ የሚታየው ሰው ነው። ሰው የሌለበትን ዱር ይኸው መሮ እንዴት ይወጣዋል?

ከአርባ ምንጭ በስተ ሰሜን ያለችው ጫኖ ጥሩ መፈተኛ ናት። በምዕራብ የቆሙት የጋሞ ተራሮች አያስቸግሩም፤ ጥቁሩ ገጽ ክብደታቸውን በቀላሉ ይሸከማል። ችግሩ ያለው በምሥራቅ፣ ከአባያ ሐይቅ ላይ ነው። ውኃውን ፈልፍሎ ነጭ አድርጎ መተው ለዓይን ያምራል፤ ነገር ግን ሐሰት ነው። አባያ ቀይ ቡናማ ነው፤ ያቀላውም ወንዞች ከደጋው ጠርገው ያወረዱት አፈር ነው። ያንን ውኃ ያነጣ ሠዓሊ የታጠበውን ተራራ ታሪክ አብሮ ፍቆታል።

ጃፓናዊው ሆኩሳይ ለማዕበሉ ሰማያዊ ቀለም ነበረው። አንድ ጥቁር ቀለም ብቻ ላለው ግን ጣውላው ራሱ መፍትሔ ይሰጣል፦ ሐይቁን ሳይፈለፍል ትቶ ቀለሙን ቢያሳሳ፣ የእንጨቱ የተፈጥሮ መስመር ብቅ ብሎ ውኃውን ያደፈርሰዋል።

በተራራውና በሐይቁ መካከል ያለው የሙዝ እርሻስ? «ዱር» ለማሰኘት ሲባል ባይዘለል እመርጣለሁ። ነፋስ የተረተረውን የሙዝ ቅጠል ያህል ለመሮ የሚመች ነገር በዚያ አገር መኖሩን እጠራጠራለሁ።