ነጥብና ደቂቃ፤ ስለ ቅርጫት ኳስ ጨዋታ ርዝመት የቀረበ ትችት

የቅርጫት ኳስ ውጤት ሲነገር ነጥቡ ይጠቀሳል እንጂ ነጥቡ የተገኘበት ጊዜ አይጠቀስም። ከዚህ ልማድ የሚመጣው የፍርድ መዛባት ቀላል ስላልሆነ ጉዳዩን በመጠኑ ልንመረምረው እንወዳለን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጄምስ ናይስሚዝ በ1891 ጨዋታውን በአሜሪካ በስፕሪንግፊልድ ከተማ ሲጀምር የወሰነው ጊዜ ሁለት ጊዜ 15 ደቂቃ ነበረ። ዛሬ ግን አንድ ወጥ ርዝመት የለም። በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን (ፊባ) ደንብ ጨዋታው አራት ጊዜ 10፥ ማለትም 40 ደቂቃ ነው። የአሜሪካ ባለሙያዎች ማኅበር (ኤን.ቢ.ኤ.) 48 ደቂቃ ያጫውታል። በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ደግሞ በአብዛኛው አራት ጊዜ 8፥ ማለትም 32 ደቂቃ ነው።

እንግዲህ በ32 ደቂቃ ጨዋታ 20 ነጥብ ያገባ ተማሪ በዚያው መጠን ቢቀጥል በ40 ደቂቃ 25፥ በ48 ደቂቃ 30 ነጥብ ያገባ ነበር። ሦስቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማበላለጥ ስሕተት ነው። የማረቆ በርበሬ በሚሸጥበት በቆሼ ገበያ አንዱ በጣሳ፥ ሌላው በቁና ሰፍሮ «ዋጋው እኩል ነው» ቢል የሚስማማ ገዢ አይገኝም።

ይሁን እንጂ ማባዛት ብቻውን አይበቃም። በ1950 ፎርት ዌይን ሚኒያፖሊስን 19 ለ18 ሲያሸንፍ ጨዋታው 48 ደቂቃ ነበረ፤ ነጥቡ ያነሰው ኳስ ይዞ መቆየት የሚከለክል ደንብ ስላልነበረ ነው። ስለዚህ በ1954 ዳኒ ቢያሶን የ24 ሴኮንድ ደንብ እንዲወጣ አደረገ። ስሌቱም ቀላል ነበረ፤ 48 ደቂቃ 2,880 ሴኮንድ ነው፤ በጥሩ ጨዋታ ሁለቱ ቡድኖች በድምሩ 120 ጊዜ ያህል ወደ ቅርጫቱ ይወረውራሉ፤ ሲካፈል 24 ይሆናል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ሰዓቱ ይቆማል ወይስ አይቆምም የሚለው ነው። በፊባ ደንብ ዳኛው ፊሽካ በነፋ ቁጥር ሰዓቱ ይቆማል። በትምህርት ቤት ሜዳ ግን ብዙ ቡድኖች በአንድ ቀን እንዲጋጠሙ ሲባል ሰዓቱ ሳይቋረጥ ቢቆጠር፥ ከሜዳ የወጣችውን ኳስ ለማምጣት የሚጠፋው ጊዜ ሁሉ ከጨዋታው ላይ ይቀነሳል፤ መሪውም ቡድን ማዘግየትን እንደ ጥበብ ይይዘዋል። በእንዲህ ያለ ሜዳ 12 ነጥብ ያገባ የቆሼ ተማሪ፥ ሰዓቱ በደንብ በሚቆምበት ሜዳ 18 ካገባ የአዲስ አበባ ተማሪ ጋር በነጥብ ብቻ ቢመዘን፥ መራጮች የለኩት ችሎታውን ሳይሆን የሜዳውን ሰዓት ነው።

«ትንንሽ ከተሞች መሣሪያ የላቸውም» የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል። ነገር ግን ሰዓት የሚያቆምና የሚያስነሣ መቁጠሪያ ዛሬ በእጅ ስልክ ውስጥ አለ፤ የሚፈለገው እርሱን የሚይዝ አንድ ተማሪ ነው። ጊዜ ካጠረም ሰዓቱን ሳያቆሙ 40 ደቂቃ ከማለት፥ እያቆሙ አራት ጊዜ 6 ደቂቃ ማጫወት ይሻላል እንላለን።

ስለዚህ የውድድር አዘጋጆች የጨዋታውን ርዝመትና የሰዓቱን አያያዝ አስቀድመው እንዲያስታውቁ፥ በውጤት መዝገብም ላይ ከእያንዳንዱ ተጫዋች ነጥብ አጠገብ የተጫወተበትን ደቂቃ እንዲጽፉ እናሳስባለን።