የጸጥታው ዋጋ፦ ወልቂጤና ቡታጅራ በጎብኚ ዓይንና በኪነ ጥበባችን

ትንሽ ከተማን ጎብኝቶ ጸጥታዋን ማወደስ በሥነ ጽሑፍ ዓለም ረጅም ዕድሜ ያለው ልማድ ነው። ጎብኚው ከታላቁ ከተማ ጩኸት ሸሽቶ ይመጣል፤ በባዶው አደባባይ ይመላለሳል፤ የደወሉን ድምፅ፣ የውኃውን ዝግታ፣ ደጃፍ ላይ የተቀመጡትን አሮጊት ይመዘግባል፤ ከዚያም ጊዜ እዚህ ቆሟል ብሎ ወደ መጣበት ይመለሳል። ቤልጅጋዊው ደራሲ ጆርጅ ሮደንባክ በ1892 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ልቦለድ የፍላንደርሷን ከተማ ብሩዥን የሙታን ከተማ አድርጎ ሣላት። መጽሐፉ በፎቶግራፍ የታጀበ በመሆኑ የባዶ ቦዮችና የጸጥተኛ መንገዶች ሥዕል በአውሮፓ አንባቢ አእምሮ ተቀረጸ። ይሁንና ብሩዥን ጸጥ ያሰኛት የነፍሷ ኀዘን አልነበረም፤ ከባሕር ጋር ያገናኛት የነበረው የውኃ መንገድ በደለል ተደፍኖ ንግዷ ወደ ሌሎች ወደቦች ከተሰደደ ዘመናት ማለፋቸው ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት የፍላንደርስ ድኻ እንጀራ ፍለጋ ወደ ሰሜን ፈረንሳይ ፋብሪካዎች ይጎርፍ ነበር። ደራሲው በጸጥታው ሲመሰጥ የከተማዋ ሰዎች የሚመኙት አዲስ ወደብ ነበር፤ እርሱም በ1907 እ.ኤ.አ. በዜብሩገ ተመርቆ ተከፈተ።

ይህ የሩቅ አገር ታሪክ እዚህ የተነሣው ለወልቂጤና ለቡታጅራ ነው። ስለ እነዚህ ከተሞች በጉዞ ማስታወሻ፣ በፎቶግራፍ ዐውደ ርእይና በቱሪስት መጽሔት የሚቀርበው ሥዕል ከብሩዡ ሥዕል ጋር ዝምድና አለው። ጎብኚው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅማ መንገድ ከ150 ኪሎ ሜትር ጥቂት በላይ ተጉዞ ወልቂጤ ይደርሳል፤ ወይም በዓለም ገና በኩል ወደ ደቡብ ታጥፎ የዘቢዳርን ተራራ በስተቀኝ እያየ ቡታጅራ ይገባል። ክትፎውን በጣባ፣ ቆጮውን በቅጠል ይበላል። ከቀትር በኋላ ጥላ ሥር አረፍ ብሎ የአየሩን ንጽሕና፣ የሕዝቡን ትሕትና፣ የከተማውን ጸጥታ ያደንቃል። (ለእውነቱ ከሆነ ወልቂጤ በጅማ መንገድ ጭነት መኪናና በባጃጅ ጩኸት የተሞላች ናት፤ ጎብኚው ግን ለመስማት የመጣው ጸጥታ ስለ ሆነ ጸጥታውን ይሰማል።) ከዚህ በላይ አይጠይቅም። የነቀፌታችን መነሻም ይኸው ነው።

ጸጥታው ከየት መጣ? የጉራጌ ወጣት ገና በልጅነቱ አገሩን ለቅቆ ወደ አዲስ አበባ መሄዱ፣ በሊስትሮ፣ በጉልት፣ በሱቅ ጠባቂነት ጀምሮ በመርካቶ መደብር እስከ መክፈት መድረሱ በሰፊው የታወቀ ነው። በአደባባይ የማይታየው ሰው አልጠፋም፤ ሥራ ላይ ነው፤ ነገር ግን ሥራው ሌላ ከተማ ነው። የመስቀል በዓል ሲቃረብ፣ ለሙስሊሙም አረፋ ሲደርስ፣ አውቶቡሱ ሁሉ ወደ ወልቂጤ፣ ወደ እምድብር፣ ወደ ጉንችሬ፣ ወደ ቡታጅራ ይዞራል። ዓመቱን ሙሉ በሽማግሌና በሕፃን የተያዘው መንደር በአንድ ሳምንት ውስጥ ይሞላል፤ ዕዳ ይከፈላል፤ ጋብቻ ይታሰባል፤ የተጣላ ይታረቃል። በዚያ ሳምንት የመጣ ጎብኚ ጸጥታ የሚለውን ቃል ከማስታወሻው ይሰርዛል። በኅዳር የመጣው ግን ያየውን የአገሩ ጠባይ ነው ብሎ ይጽፋል። የሁለቱ ልዩነት የአንድ ኢኮኖሚ ሁለት ገጽታ መሆኑን አለማየት ለጸሐፊ ትንሽ ስሕተት አይደለም።

ጎብኚው ወደ ቡታጅራ የሚሄድበት መንገድ ራሱ የዚህ ስደት ልጅ ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የተነሡ የአካባቢው ተወላጆች የዓለም ገና–ወላሞ ሶዶን መንገድ ለማሠራት ማኅበር አቋቁመው ገንዘብ ሲያሰባስቡ፣ የሰባት ቤት ጉራጌ ተወላጆችም በበኩላቸው ለአገራቸው መንገድ ተደራጅተው ነበር። ፈቃዱ ገዳሙ በ1972 እ.ኤ.አ. ለዶክትሬት ማዕረግ ያቀረቡት ጥናት በዚሁ በዓለም ገናው ማኅበር ላይ ያተኮረ ነው። ይህ እንግዲህ ከነጋዴው ኪስ፣ ከሊስትሮው ሳጥን የወጣ አስፋልት ነው ለማለት ያስደፍራል። ከተማውን በመኪና መስኮት አይቶ «ጊዜ የቆመበት» የሚል ሰው በምን ላይ እየተንከባለለ እንደ መጣ አልጠየቀም።

ጸጥታ ሌላም ትርጉም ሊኖረው ይችላል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የአስተዳደር ጥያቄ ባስነሣው ከቤት ያለመውጣት አድማ የወልቂጤ ሱቆች ተዘግተው መንገዶቿ ባዶ ሆነው ውለዋል። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ደግሞ ነዋሪዎቿ የመጠጥ ውኃ አጣን ብለው ባዶ ጄሪካን ይዘው አደባባይ ወጡ፤ በዚያ ቀን የሰው ሕይወት ጠፋ። በመጀመሪያው ቀን ፎቶግራፍ ያነሣ ሰው ቢኖር ኖሮ ሥዕሉ ከማናቸውም የ«ሰላማዊቷ ከተማ» ሥዕል ሊለይ አይችልም ነበር። ባዶ መንገድ ብቻውን ምንም አይናገርም፤ ሰው ለምን እንዳልተገኘበት ካልታወቀ ውበቱም ሊመዘን አይችልም።

ከዚህ ላይ ወደ ጀፎረ መሻገር ተገቢ ነው፤ የጉራጌ ሕዝብ ባዶ ቦታን በምን ዓይን እንደሚያይ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ሥራ የለምና። ጀፎረ በሰባት ቤት ጉራጌ መንደሮች መካከል የሚዘረጋ፣ ሣር የለበሰ ሰፊ የወል ጎዳና ነው። ቤቶቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ፊታቸውን ወደ እርሱ ያዞራሉ። በየቤቱ ፊት ንጹሕ ሣር፣ በየቤቱ ጀርባ የእንሰት ጓሮ አለ። እንሰቱ በዕድሜው ተራ ይተከላል፤ ከችግኙ ጀምሮ ከዓመት ወደ ዓመት እየተነቀለ ወደሚቀጥለው ረድፍ ይዛወራል፤ ለመፋቅ የሚደርሰውም ከዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ ከጀፎረው ተነሥቶ ወደ ጓሮ የሚሄድ ሰው ከሕዝብ ወደ ቤተሰብ፣ ከዛሬ ወደሚመጡት ዓመታት ይሻገራል። ይህን ንድፍ የወረቀት ፕላን አላወጣውም፤ አንድ ሠዓሊም አልፈረመበትም። በኪነ ሕንፃ ትምህርት ቤቶቻችን የአክሱምን ሐውልትና የላሊበላን ፍልፍል ያህል ሊጠና የሚገባው ሥራ ግን ነው።

የጀፎረ ታላቅነት ከስፋቱ ይልቅ ከሕጉ ላይ ነው። ማንም ሰው አጥሩን ወደ ጀፎረ ገፍቶ ማረስ አይፈቀድለትም፤ የባህሉ ሕግ፣ የሽማግሌው ሸንጎና የጎረቤት ዓይን ይጠብቁታል። መሬት በጠበበበት፣ የእንሰት ጓሮ ለልጅ ልጅ እየተሸነሸነ ባነሰበት አገር ሰፊ ለም ሣር ሳይታረስ መቆየቱ ሕዝቡ በየዓመቱ የሚያድሰው ውሳኔ ነው። ሠርግ የሚወጣው፣ ለቅሶ የሚቀመጠው፣ ፈረስ የሚጋለበው፣ ጥጃ የሚግጠው፣ ዳኝነት የሚታየው፣ የመስቀል ደመራ የሚደመረው በዚሁ ላይ ነው። የቤቱም አሠራር ይህንኑ ይመስላል፤ በመካከል የቆመው አንድ ምሰሶ ጣሪያውን በሙሉ እንደ ጃንጥላ ዘንግ ይሸከማል፤ የግድግዳው ዕንጨት በልጥና በሐረግ ይታሰራል፤ ሲሠራ ጎረቤት ሁሉ ይሰለፋል። በእርግጥ ይህን ሁሉ ሲያደንቁ የሴቲቱን ድካም መርሳት አይገባም። እንሰቱን የምትፍቀው፣ ቆጮውን የምታበላሸውንና የምታቦካው እርሷ ናት፤ በሸንጎው ላይ ግን ድምፅዋ ለረጅም ዘመን አልተሰማም። በ19ኛው መቶ ዓመት የቃቄ ወርድወት የጋብቻን ሕግ በመቃወም ሴቶችን አስተባብራ ሽማግሌዎችን የሞገተችው በዚሁ ሥርዓት ላይ ነበር። ታሪኳ በብሔራዊ ቴአትር መድረክ ላይ በቀረበ ጊዜ ተመልካቹ ያገኘው ትልቁ ነገር ጀፎረ የስምምነት ብቻ ሳይሆን የክርክርም ስፍራ መሆኑን ማየቱ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ጀፎረን የፈጠረ ሕዝብ ከተማ ሲሠራ ጀፎረውን የት ጣለው? ወልቂጤ የዞን ከተማ ናት፤ በጉብሬ ዩኒቨርሲቲ አላት። ቡታጅራ በቀድሞው ዘመን ለሐይቆችና ቡታጅራ አውራጃ ስሟን ያበደረች፣ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና ከስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ በመጡ ተመራማሪዎች የገጠር ጤና ጥናት ስሟ በሕክምናው ዓለም የታወቀች፣ ዛሬም የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ የሆነች ከተማ ናት። ሁለቱም ግን የተሠሩት የአገሪቱ ከተሞች ሁሉ በተሠሩበት መንገድ ነው፤ አንድ አስፋልት፣ በአስፋልቱ ዳርና ዳር ሱቅ፣ ከሱቁ ኋላ በቆርቆሮ አጥር የታጠረ ግቢ። በጀፎረ ላይ ቤቱ ፊቱን ለጎረቤቱ ይሰጣል፤ በከተማው ውስጥ ፊቱን የሚሰጠው ለአላፊ መኪና ነው። ለቅሶ ሲደርስ ድንኳን የሚተከለው መንገድ ተዘግቶ ነው፤ ሕፃናት ኳስ የሚራገጡት በባጃጅ መካከል ነው። ለዚህ ጥፋተኛው አንድ መሐንዲስ ወይም አንድ ማዘጋጃ ቤት አይደለም። የከተማ ፕላን ትምህርት ከውጭ እንደ መጣ መወሰዱ፣ የገጠሩም ጥበብ እንደ ባህላዊ ትርኢት ብቻ መታየቱ ነው ያመጣው። ጀፎረው ለጎብኚ ይታያል፤ ለፕላን አውጪ ግን ምንጭ አይሆንም። በባህል አዳራሽ ደጅ የሣር ክዳን ጎጆ ማቆም ቅርስን መጠበቅ ከመሰለን ተሳስተናል፤ የቤቱን ቅርጽ ወስደን የቦታውን ሕግ ጥለነዋል።

ተመሳሳይ ጉድለት በመድረክም ላይ ይታያል። በሀገር ፍቅርና በብሔራዊ ቴአትር እንዲሁም በየባህል ቡድኑ የሚቀርበው የጉራጌ ጭፈራ ፈጣን ነው፤ ጭብጨባው፣ የእግሩ ምት፣ የጉልበቱ ብርታት ተመልካችን ከወንበሩ ያስነሣል። ተወዛዋዦቹ ሊመሰገኑ ይገባል። ነገር ግን በአሥራ አምስት ደቂቃ የመድረክ ጊዜ ውስጥ ጭፈራው ስፍራውን አጥቷል። በመንደሩ ጭፈራው ከሩቅ ይመጣል፤ በሰፊው ሣር ላይ እየቀረበ፣ እየሰፋ፣ ሽማግሌውንና ሕፃኑን እየጨመረ ይሄዳል፤ ይደክማል፤ ያርፋል፤ እንደገና ይነሣል። መድረኩ ዕረፍቱን ቆርጦ ፍጥነቱን ብቻ አስቀረ። በዚህም ምክንያት ስለ አንድ ሕዝብ ሁለት የተቃረኑ ሥዕሎች በአንድ ጊዜ ይሸጣሉ፤ በመድረክ የማያርፍ ሠራተኛ፣ በጉዞ ማስታወሻ ጊዜ የቆመበት መንደር። ሁለቱም ከአንድ ሰው ሕይወት የተቆረሱ ቁራጮች ናቸው፤ የሚያገናኛቸው አውቶቡሱ ነው፤ አውቶቡሱን ግን እስካሁን ሠዓሊም ኮሪዮግራፈርም አልተጠቀመበትም።

በሥነ ጽሑፍ በኩል ከሌላው ጥበብ የተሻለ ጅምር አለ። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም የመጀመሪያ ሥራውን በቸሃ ቋንቋ ጻፈ፤ ቮልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መልሶት የሽነጋ መንደር በሚል ርእስ በ1964 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታተመ። ቀጥሎ በእንግሊዝኛ የጻፈው አፈርሳታ ቃጠሎ ከደረሰበት አንድ ጎጆ ተነሥቶ የመንደሩን ሕዝብ በሙሉ ለአውጫጪኝ ሜዳ ላይ ያስቀምጠዋል። የእነዚህ ሥራዎች ብርታት መንደሩን በውጭ ሰው የመደነቅ ዓይን አለማየታቸው ነው። በእነርሱ ውስጥ መንደሩ ይከራከራል፤ ይጠረጥራል፤ ይስቃል። ድካማቸው ደግሞ ከአጻጻፉ ይልቅ ከዕጣቸው ነው፤ በአማርኛ ምንዱባንን የመሰለ ትርጉም የሰጠን ደራሲ የገዛ መንደሩን የገለጸባቸውን መጻሕፍት አስቀድሞ ያነበበው የባሕር ማዶ አንባቢ ሆነ። የወልቂጤ መምህር ስለ አካባቢው የተጻፈውን ልቦለድ ለተማሪው በሚገባው ቋንቋ ሊያስነብብ ሲፈልግ የሚገጥመው ችግር የዚሁ ውጤት ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ጉራጌ ሰው የተጻፈው አብዛኛው ልቦለድ መርካቶን መድረኩ አድርጎ አገር ቤቱን በትዝታ ብቻ ይነካዋል።

የጉብኝቱም መርሐ ግብር የዚህ ሁሉ ግልባጭ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ የሚጓዝ እንግዳ በመልካ ቁንጥሬ ይቆማል፤ በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት በተመዘገቡት የጢያ ትክል ድንጋዮች አጠገብ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ መልካ ቁንጥሬም ራሱ በ2024 እ.ኤ.አ. በዚያው መዝገብ ገብቷል። ይህ ሁሉ ደስ የሚያሰኝ ነው። ጉዞው ግን የሚያልቀው ከመቃብር ድንጋይ ላይ ነው፤ ሕያው የሆነው ጀፎረ በጥቂት ሰዓት መንገድ ርቀት ላይ እያለ አይታይም፤ ቢታይም ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ሳይወጣበት፣ ጉም እንደ ለበሰ ነው የሚነሣው። ፎቶግራፍ አንሺው ሕዝብ እስኪበተን ይጠብቃል። ሣሩ ባዶ የተተወው ለሰው ነው፤ ካሜራው ግን ባዶነቱን እንደ ሥዕሉ ዋና ነገር ይወስደዋል። ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ በዚያው ሥፍራ የሚቆም ፎቶግራፍ አንሺ የሚያገኘው ሌላ ነው፤ ከአውቶቡስ ጣሪያ የሚወርድ ሻንጣ፣ ለእናት የመጣ ነጠላ፣ ለደመራው የተከመረ ዕንጨት፣ ገና አባቱን ያላወቀ ሕፃን ከሴት አያቱ ቀሚስ ኋላ ተደብቆ ወደሚመጣው ሰው ሲመለከት።